የስልሳ ሺህ ብሩ ሸማ

ነገሩ የተነሣው በስልሳ ሺህ ብር ነው። ናሁሠናይ የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ የአባቶችን ጥበብና ድካም አሳያለሁ ብሎ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ባለጥለት ሸማ ሰቀለ። አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮም በዚህ ዋጋ ሊገዙት ተስማሙ።

ሸማውን የሠሩት ግን አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ሲሸምኑ ሰንብተው የተከፈላቸው ሦስት ሺህ ብር ነበር። ዋጋውን ሲሰሙ መጡና በእንግዶቹ ፊት፣ «ልጄ፣ ሃያ ሺህ ጨምርልኝ» አሉት።

ሠዓሊው ሳቀ። «አባባ፣ ሰው የሚገዛው እኮ ሐሳቤን ነው! እጅማ የትም ይገኛል። ክሩም ቢሆን በገንዘቤ የተገዛ ነው።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ሽማግሌው ወደ ሸማው ተጠጉ። የማጉን ጫፍ ፈልገው አገኙ፤ ከኪሳቸው ማግ የሚጠቀለልበት ባዶ ቀሰም አውጥተውም ክሩን እየተረተሩ መጠቅለል ጀመሩ።

«ኧረ አባባ! ምን መሆንዎ ነው?»

«አትደንግጥ ልጄ። ክርህን አንዲት ስንዝር ሳላጎድል አስረክብሃለሁ። እኔ የምወስደው እጄን ብቻ ነው። ሐሳብህ እዚያው ግድግዳው ላይ ይቀርልሃል፤ ወይዘሮዋም እሱን ይግዙህ።»

እንግዶቹ ሳቁ፤ ሠዓሊው ግን ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

ሂሳቡ ሲዘጋ ሽማግሌው ሃያ ሺህ ብራቸውን ተቀበሉ፤ ሸማው ሁለት ጣት አጠረ። ወይዘሮዋም ለጎደለው አምስት መቶ ብር ቀነሱ፤ የቀነሱት ግን ከሽማግሌው እጅ ሳይሆን ከሠዓሊው ሐሳብ ድርሻ ላይ ነው።