ወፍ ነገረችኝ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጥንት፣ እንስሳት እንደኛ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ከልጆቿ ጋር ምንጭ አጠገብ ባለ ጉድጓድ ትኖር ነበር። ከጉድጓዱ በላይ፣ አንድ የሾላ ዛፍ ላይ፣ ዋኖስ የምትባል ጎረቤቷ ወፍ ጎጆዋን ሠርታለች።

አንድ ቀን ዋኖስ ጥሬ ለቅማ ስትመለስ ጃርት የለችም፤ ልጆቿም የሉም። መንገድ ዳር ኤሊ ብቻ ተቀምጣለች።

«እትዬ ኤሊ፣ ጎረቤቴ የት ሄደች?»

«አባረርናት! ምንጩን መርዛ ልትጨርሰን ነበር።»

«ማን አለ?»

«አያ አህያ ነዋ! ወፍ ነገረችኝ አለን።»

የዋኖስ ደም ፈላ። «የቷ ወፍ?» ብላ በረረች።

አህያን ሜዳ ላይ ሲግጥ አገኘችው። «አያ አህያ፣ ከማን ሰማህ?»

«ከዝንጀሮ። ለሱ ደግሞ ወፍ ነግራው።»

«የቷ ወፍ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለና ግጦሹን ቀጠለ።

ዝንጀሮን ገደል አፋፍ ላይ አገኘችው። «አያ ዝንጀሮ፣ ከማን ሰማህ?»

«ከእመት ቀበሮ። ለሷ ደግሞ ወፍ ነግራት።»

«የቷ ወፍ?»

«ምን ለያችሁ! ሁላችሁም ወፍ ናችሁ» ብሎ ሳቀባት።

ዋኖስ ትታው በረረች። ቀበሮን ፍለጋ ብትዞር ብትዞር አጣቻት። በመጨረሻ የት ብታገኛት ጥሩ ነው? በጃርት ጉድጓድ ውስጥ፣ ተዘርራ ተኝታ!

ዋኖስ ጮኸች። እንስሳት ሁሉ መጡ፤ ወፎች ሾላውን ሞሉት።

«እመት ቀበሮ፣ ወፎች ሁሉ ይኸው! የነገረችሽን አሳዪን!»

ቀበሮ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። «መሽቶ ስለነበር መልኳን አላየሁም።»

«ድምጿስ?»

«በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ወፍ የምታንሾካሹከው?» ብላ ዋኖስ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች። «መርዝ ካለው እዚሁ ፊታችሁ ልሙት!»

እንስሳቱ ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠበቁ። ፀሐይ ዞረች፤ ዋኖስ ምንም አልሆነችም። ያኔ ቀበሮን አሳደው አባረሯት።

ከዚያም ጃርትን ፍለጋ ወጡ። ከአንድ ደረቅ ተራራ ማዶ አገኟት፤ ትንሹ ልጇ በውሃ ጥም ሞቶ ሥሩ ተቀምጣ ነበር።

«ተሳስተናል፣ ማሪን፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አሏት።

ጃርት እሾኋን አቆመች። «ስታባርሩኝ ከናንተ ውስጥ ማን ጠየቀኝ? ማን?»

ጃርት አልተመለሰችም።

«ይህን ልጅ በኔ ስም ነው የገደላችሁት!» አለች ዋኖስ፤ ክንፏን አራግፋ ጥላቸው ሄደች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወፍ ኮቴ ከሰማች ብር ብላ ትሄዳለች፤ ነገረችኝ እንዳይሏት ነው። ሰው ግን ዛሬም ከማን ሰማህ ሲሉት «ወፍ ነገረችኝ» ይላል።

እናንተም ልጆቼ፣ የነገራችሁን ሰው ስም መጥራት ካፈራችሁ፣ አፋችሁን ዝጉ!