ዝሆን የማይሰብረው ወንበር

መልስ የማያልቅባት አንዲት ሴት ነበረች። «ዝሆን ቢቀመጥበት አይሰበርም» እየተባለ በሞንታርቦ መኪና ሰፈር ለሰፈር ሲለፈፍለት የከረመ የፕላስቲክ ወንበር ገዛች። በማግስቱ የእድራቸው ዳኛ ሊጠይቋት መጥተው ቢቀመጡበት ወንበሩ እግሩን ከፈተና ከነጋቢያቸው መሬት ላይ ተዘረጉ። ሴትዮዋ ዳኛውን ካነሳች በኋላ ስብርባሪውን ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ያየው ሁሉ ሳቀ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ ግን አልሳቀም። ቢሮው አስጠራትና፦

«ተቀመጪ» አላት።

«ወንበሩ የእናንተ ፋብሪካ ሥራ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ልቁም።»

አቶ ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሚ፣ ጨዋ ሰው ቅሬታ ሲኖረው አገር ምድሩን አይጠራም። እዚህ ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ በጆሯችን ይነግረናል። የለጠፍሽውን አሁኑኑ አጥፊው። እምቢ ካልሽ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

«ምን ገዶኝ፣ አጠፋዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎም ያንን ሞንታርቦ ከመኪናው ያውርዱትና በየቤታችን ይምጡ። በሩን ይዝጉና፣ የዝሆኑን ነገር ቀስ ብለው በጆሯችን ይንገሩን።»