ስልጠናው ላይ ያለቀሰው ሕፃን

አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሕፃን ልጇን የሚይዝላት ብታጣ አቅፋው ወደ ሳይንስ ማስተማር ስልጠና ሄደች። አሠልጣኙ አቶ ማንደፍሮ «ልጅ ሳይንስን የሚማረው በወሬ ሳይሆን ነክቶና ቀምሶ ነው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ፊት ወንበር ላይ በእናቱ እቅፍ የነበረው ሕፃን ከአሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ ጠመኔ አንሥቶ ላሰና ለቅሶውን አቀለጠው።

አቶ ማንደፍሮ ተቆጡ። «አንቺ፣ ወይ ልጅሽን አስወጪ፣ ወይ ሰርተፊኬትሽን እርሺው» አሏት።

ያለ ሰርተፊኬት ብትመለስ ትምህርት ቤቱ ክፍሏን ለሌላ መምህር ይሰጥባታል። ብድግ አለች።

«እሺ ጋሼ፣ አስወጣዋለሁ። ግን ከዚህ ሁሉ ሰው እርስዎ እንዳሉት የተማረ እሱ ብቻ ነው። ነካ፣ ቀመሰ፣ አልገባው ሲል አለቀሰ። እኛማ ከጠዋት ጀምሮ ሳይገባን እንደገባው ሰው ራሳችንን እየነቀነቅን ነው» አለቻቸው።