ለአያ ጅቦ ሊሰጥ የነበረው ራም

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። አውሬም ብረትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ጃርት የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት አንድ ኮምፒውተር ነበራት። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፍ ነበርና አዲስ ራም ገዛችለት። ራም ማለት ኮምፒውተር የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ ቶሎ ቶሎ የሚያቀብለው ቀጭን ሰሌዳ ነው። ይህኛው ፈጣን ነው ተብሎ ማሸጊያው ላይ ተጽፎለታል፤ ፈጣን መሆኑን ራሱም ጠንቅቆ ያውቃል።

ገብቶ ከነባሩ ራም ጎን ተቀመጠ። ቤቱን የምታስተዳድረው የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካባት ማዘርቦርድ ነበረች፤ ሁሉም «ማዘር» ይሏታል። ማዘር ደንብ አላት። እንግዳ ሁሉ በዝግታ ይሄዳል፤ ሁለት ሆነው ከተጠመዱም በደካማው እርምጃ ይሄዳሉ። ይህን ደንብ ለአዲሱ ራም የነገረው የለም። ሊሮጥ ተነሣ፤ ልጓም ያዘው።

እመት ጃርት ፍጥነቱን ብትለካ ከተጻፈው በብዙ አነሰባት። ነባሩን ራም ምን ጉድ ነው አለችው። ነባሩ ቦታውን እንዳያጣ ይፈራ ነበርና፣ «እመት ጃርት፣ የዛሬ ልጆች ወሬ እንጂ ጉልበት የላቸውም፤ እየጎተትኩት ያለሁት እኔ ነኝ» አላት።

በሩ ላይ አያ ጅቦ ጆንያውን አንግቶ ቁራሌው እያለ ይዞር ነበር። የተጣለ ዕቃ ለቃሚ ነው፤ ብረት ቆርጥሞ ያድራል። አዲሱ ራም ማዘር ላይ የሚሰካባቸውን ወርቃማ ጥርሶች ሲያይ ምራቁን ዋጠ። እመት ጃርትም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ካልሮጠ ያንተ ነው አለችው።

አዲሱን ራም ነቀለችና ቆሻሻ ይዞት እንደሆነ ብላ ጥርሱን በላጲስ አሸችው። መልሳ ለካች፤ ያው ነው። አያ ጅቦ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ።

ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛወረችው። ለካች፤ ያው ነው። አያ ጅቦ የጆንያውን አፍ ፈታ።

ነባሩን አውጥታ አዲሱን ብቻውን ተወችው። አዲሱ ራም አሁን ታዩኛላችሁ ብሎ ተነሣ። ልጓሙ አሁንም ያዘው። ብቻውን ሲቀር ግን ልጓሙን የጨበጠው የማን እጅ እንደሆነ ለየ። እመት ጃርት ለካች፤ ያው ነው። አያ ጅቦ ጆንያውን በሰፊው ዘረጋና፣ «በይ እንግዲህ፣ ወዲህ በይው» አለ።

ይሄን ጊዜ አዲሱ ራም ተናገረ። «እመት ጃርት፣ ላጲሱን ጠየቅሽ፣ ቀዳዳውን ጠየቅሽ፣ ነባሩን ጠየቅሽ። እኔን አልጠየቅሽኝም።»

የእመት ጃርት እሾህ ቆመ። «እሺ፣ ምን ያህል ትሮጣለህ?»

«የተጻፈልኝን ያህል። ልጓሜን የያዘችው ማዘር ናት።»

እመት ጃርት ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ ገና ሲነሣም ባዮስ የሚባለውን፣ ደንቡ የሚቀመጥበትን የማዘርን ጓዳ ከፍታ ገባች። ማዘር አልደነገጠችም። ማንንም እንዳልበደለች፣ ደንቧን ብቻ እንደጠበቀች ተናገረች። «ፍቀጂለት ያለኝ የለም፤ አልፈቀድኩም። የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻት።

እመት ጃርትም አዲሱ ራም በራሱ ፍጥነት ይሩጥ ብላ ፈቀደች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ለካች፤ ፍጥነቱ ልክ እንደተጻፈው ሆነ። ታቀናብረው የነበረው የአቶ ድኩላ ሠርግ እስክስታ ሳይቆራረጥ ወረደ።

አያ ጅቦ ግን ባዶ ጆንያ ይዤ አልሄድም፣ እንግዲያውስ ነባሩን ስጪኝ አለ። እመት ጃርትም በነባሩ ውሸት ተናድዳ ነበርና ልትሰጠው አነሣችው። አዲሱ ራም ተመለከተ። ይወሰድ ቢል የሚፈርድበት አልነበረም።

«እሱንም ጠይቂው» አለ።

ነባሩ ራም ድምፁ ሰለለ። «ሩጫ አልችልም። ደብዳቤ የሚተየብበት ቦታ ካለ ግን አላሳፍርሽም።»

ደብዳቤ በሚተየብበት በሌላው ኮምፒውተሯ ውስጥ ገባ። አያ ጅቦ እያጉረመረመ ሄደ። ማዘር አዲሱን ራም ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠበቀም፤ ሥራ ነበረበት።

እኔ ነገሬን ጨረስኩ፤ እናንተ ይህን ይዛችሁ ግቡ፦ ያሰሩትን እግር በሩጫ አይመዝኑትም።