ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ያለችው እንጨት

አንድ ቀን፣ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ መጽሐፍ አከራዩ ጥጋቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉን ትቶ አዳራሹ ውስጥ ገባ።

የወትሮ ቦታው ደረጃው ሥር ነው። ላይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ፣ በየወሩ በአንድ መጽሐፍ ላይ ውይይት ይደረጋል። ታች፣ ጥጋቡ ማዳበሪያ አንጥፎ መጽሐፎቹን በሦስት ረድፍ ይደረድራል። ላይ ያሉት ስለ መጽሐፍ ሲናገሩ ይውላሉ። ታች ያሉት ተከራይተው ይሄዳሉ። አስራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፣ ሳይደራረሱ።

ጥጋቡን ከሌላው አከራይ የሚለየው አንድ ሕግ ነው። በካርቶን ላይ ጽፎ ከግንቡ ጋር አጣብቆታል፦ «ገጽ ማጠፍ ክልክል ነው። መጻፍ ይቻላል።»

የሙያ ጓደኞቹ ያሾፉበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፍህን ሰው እየሞነጫጨረብህ እኮ ነው።»

«ይሞንጭር» ይላል። «ያልተሞነጨረ መጽሐፍ ሰው ያልገባበት ቤት ነው። ማን ደፍሮ ይከራየዋል?»

ደንበኞቹም አላሳፈሩትም። ሲመልሱ ህዳጉ ላይ የሆዳቸውን ጥለው ነው የሚመልሱት። ቀጣዩ ተከራይ ደራሲውንም እነሱንም ያነባል፤ ሲብስበት ይመልስላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ደራሲው ከጻፈው አንባቢው የጻፈው ይበልጣል።

በዚያ ሰሞን ህዳጉ ሞልቶ የፈሰሰው «የከዋክብት መናኸሪያ» ነበር።

ደራሲዋ ህሊና ተድላ ትባላለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። «ቀስ በቀስ» የምትባል አሮጌ የጠፈር መርከብ ሰባት ሰዎች ጭና ከኮከብ ወደ ኮከብ ትመላለሳለች። ሞተሯ ላይ ዛር አለ። ሽቶ ካልረጩለትና ካልዘፈኑለት አይነሳም። ካፒቴኗ እልፍነሽ ምድር ላይ የተወቻት እህት አለቻት፤ በአምስት መቶ ገጽ ውስጥ ስሟን ላለመጥራት ትታገላለች። ወጥ ሠሪው አያልቅበት አፉ አያርፍም። ጦርነት አለ፣ ግን ሩቅ ነው፤ በሬዲዮ ነው የሚሰማው። ሰባቱ ሰዎች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በታረቁበት ነገር እንደገና ይጣላሉ። መጨረሻው ላይ ሞተሩ ይጠፋና ጨለማ ውስጥ ይቆማሉ። መጽሐፉም እዚያው ላይ ይቆማል።

አንባቢው ለሁለት ተከፈለ። ለሦስትም።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር በእርሳስ ጻፈ፦ «ዛር ነው ከማለታችሁ በፊት ካንዴላውን እዩ።»

ከሥሩ፣ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር፣ በቀይ፦ «በጠፈር ውስጥ ድምፅ አይሄድም። ዘፈኑን ማን ይሰማዋል?»

ሾፌሩ መጽሐፉን እንደገና ተከራይቶ መለሰ፦ «መምህር፣ የሚዘፍኑት እኮ መርከቧ ውስጥ ነው። በር ዘግተው።»

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዘርፌ ደግሞ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው የምትጽፈው። አያልቅበት አፉን በከፈተበት ገጽ ሁሉ አንድ ቃል ታስቀምጣለች፦ «ፕላስተር።»

የሚወዱትም የሚሰድቡትም ግን መጽሐፉን መልሰው ሲያስረክቡ የሚጠይቁት አንድ ነው። «ክፍል ሁለትስ?» ጥጋቡን እንደ ደራሲ አፍጠው ያዩታል። እሱም እንደ ደራሲ አንገቱን ይደፋል። ልክ እንደ እነሱ፣ መርከቧ ተነስታ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

ክፍል ሁለት ተጽፎ አልቋል። ይህን የነገረችው ራሷ ህሊና ናት፣ አንድ ከሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ።

«ታዲያ የት አለ?»

«አልጋዬ ሥር። አቶ በድሩ አላትምም ብለው።»

አሳታሚው አቶ በድሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ከራሳቸው ዓይን ይልቅ የጋሽ ልሳነወርቅን አፍ ያምናሉ።

«‹ቅዳሜ ጋሽ ልሳነወርቅ አስተያየት ይሰጡበታል› አሉኝ። ‹ይቀጥል ካሉ አትማለሁ። ካላሉ እንርሳው።›»

«ጋሽ ልሳነወርቅ አንብበውታል?»

«እኔ እንጃ ጋሽ ጥጋቡ። ገዝተው ሲወጡ ያየ ሰው አላገኘሁም።»

አታገኝም። ጋሽ ልሳነወርቅ የአዳራሹ ቋሚ ሃያሲ ናቸው፤ የውይይት ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ስለ መጽሐፍ ተናግረዋል። መጽሐፍ ሲገዙ አየሁ የሚል ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም። ጥጋቡ ደረጃው ሥር የሚቀመጠውም በእሳቸው በጎ ፈቃድ ነው፤ ይህንንም በወር አንዴ ያስታውሱታል።

ሐሙስ ዕለት ወደ ታች ወረዱ። «የከዋክብት መናኸሪያ»ን በሁለት ጣት አነሱ፣ እንደ ሞተ አይጥ። አርብ ጠዋት መለሱት።

«ጨረሱት ጋሼ?»

«ለእኔ ዓይነቱ ሰው አንድ መጽሐፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ጥጋቡ ልማድ አለው። መጽሐፍ ሲመለስለት አዲስ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠ። እርሳሱ አለ። ቀዩ አለ። አረንጓዴው አለ። የጋሽ ልሳነወርቅ የለም። አንዲት ነጥብ እንኳ።

ይህ ነገር ከነከነው። ለቅሶ ቤት ስለ ድንኳኑ አስተያየት የሚሰጡ ሰው፣ በአምስት መቶ ገጽ ውስጥ አንዲት ቃል ሳትወድቅባቸው?

ስለዚህ ቅዳሜ፣ ማዳበሪያውን ለጎረቤቱ ለሎተሪ አዟሪው አደራ ሰጥቶ፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

አዳራሹ ሞልቷል። ህሊና ከፊት፣ ከአቶ በድሩ ጎን ተቀምጣለች። ጋሽ ልሳነወርቅ መድረክ ላይ ናቸው። ማይክሮፎኑን አንዴ መቱት፣ ሁለቴ ነፉበት። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ።

«ወደ መጽሐፉ ስንመጣ። አንደኛ፣ ካፒቴን እልፍነሽ። ይህቺ ሴት እንጨት ናት። ታማ ብትመጣ መርፌውን የት ጋ እንደምወጋት አላውቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። ጥጋቡ አልሳቀም። ጋሽ ልሳነወርቅ መርፌ ወግተው ያውቃሉ እንዴ?

«ሁለተኛ፣ ሞተሩ። ዛር ነው ከማለታችን በፊት፣ እስቲ ካንዴላውን እንይ።»

ሳቁ ጨመረ። ጥጋቡ ጎኑ ያለውን ሰው ዞር ብሎ አየው። ጋሽ ልሳነወርቅ እኮ መኪና የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም።

«ሦስተኛ፣ በጠፈር ውስጥ ድምፅ አይሄድም። ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ታዲያ ዘፈኑን ማን ይሰማዋል?»

አሁን ጥጋቡ ገባው። ሰውየው ያነበቡት መሀሉን አይደለም። ዳሩን ነው። ህዳግ ህዳጉን እየለቀሙ ሄደው፣ ያውም ሳይጨርሱ፣ የሾፌሩን፣ የመምህሩን፣ የሲስተሯን አፍ ተውሰው መድረክ ወጡ። ሾፌሩ ለመምህሩ የሰጠው መልስ ከገጹ ጀርባ ነው ያለው፤ እዚያ እንኳ አልደረሱም።

«በአጠቃላይ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ ደብተሩን እየዘጉ፣ «ክፍል ሁለት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ለወረቀቱ አዝንለታለሁ።»

አቶ በድሩ ከፊት ረድፍ ራሳቸውን ነቀነቁ። ህሊና ጫማዋን ታያለች። ጥጋቡ በልቡ ሰባቱን ሰዎች አያቸው፣ ጨለማ ውስጥ፣ አያልቅበት እንኳ ዝም ብሎ።

መድረክ መሪዋ ሰዓቷን አየች። «ለተሰብሳቢው ሁለት ሁለት ደቂቃ። እባካችሁ አጠር።»

ጥጋቡ እጁን አወጣ።

«ጥያቄ ነው አስተያየት?»

«ዕቃ መመለስ ነው» አለ ጥጋቡ።

ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ፈገግ አሉ።

«አንተ ነህ እንዴ ጥጋቡ? ማን ወደዚህ አወጣህ? ስማ የኔ ወንድም፣ መጽሐፍ መሸከም ሌላ፣ መጽሐፍ ማንበብ ሌላ። አህያም መጽሐፍ ብትጭናት ትሸከማለች። አንብባ ታውቃለች?»

አዳራሹ ከእስካሁኑ ሁሉ የበለጠ ሳቀ። ጥጋቡ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ደረጃው ሥር ያለው ቦታው ትዝ አለው። ጆሮው ጋለ። ከዚያ መጽሐፉን ከብብቱ አወጣ።

«ልክ ነዎት ጋሼ። አህያ የተጫነችውን አታነብም። የማን ጭነት እንደሆነ ግን አትስትም። ልቀቋት፤ ቀጥ ብላ ባለቤቱ ደጅ ሄዳ ትቆማለች።»

ይህን ብሎ በወንበሮቹ መሀል መሄድ ጀመረ። ቀስ በቀስ። አንገት ሁሉ ዞረ። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቆመ። ከሹራቧ ሥር ነጭ ጋውኗ ብቅ ያለ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

«ሲስተር ዘርፌ፣ ጭነትሽ። ገጽ ስልሳ አንድ።»

ሲስተር ዘርፌ መጽሐፉን ተቀበለች። ገጹን አገኘችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹ይህቺ ሴት እንጨት ናት። ታማ ብትመጣ መርፌውን የት ጋ እንደምወጋት አላውቅም።›» ቀና አለች። «የኔ ጽሕፈት ነው። አረንጓዴ እስክሪብቶ። እኔ ደግሞ ጋሼ ሲናገሩ ‹ጎሽ፣ እንደ እኔ የሚያስብ ሰው ተገኘ› እያልኩ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ የሚኒባስ ሾፌሩ ከግድግዳው ሥር ተነስቶ «ካንዴላው የኔ ነው» አለ፣ የጠፋች ላሙን እንዳገኘ ሰው።

ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የኖረ ሰው ግን በአንድ አህያ ርግጫ አይወድቅም። ጋሽ ልሳነወርቅ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሰይ። እንኳን ተነበበ። ይህ ምንድን ነው የሚያሳየው? ንቁ አንባቢና ሃያሲ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ እውነት ላይ እንደሚገናኙ ነው። ይህቺ እህቴ በዚህ መጽሐፍ ላይ ያላት አቋምና የእኔ አቋም አንድ ነው። ምን ችግር አለው?»

«ምንም ችግር የለውም ጋሼ» አለ ጥጋቡ። «እስከ መጨረሻው አንድ ነው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«አቶ በድሩ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አቶ በድሩ፣ ለምን እንደተጠየቁ ሳይገባቸው።

«ሲስተር፣ በይ የመጨረሻውን ገጽ።»

ሲስተር ዘርፌ ገለጠችና ፊቷ ቀላ። «ኧረ ይሄ የግሌ ነው።»

«ጋሼ ተስማምተውበታል እኮ» አለ ጥጋቡ። «የሁለታችሁ ሆኗል።»

አነበበች። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ ዝግ ብላ።

«‹ገጽ ስልሳ አንድ ላይ እልፍነሽን እንጨት ያልኳት እኔ ነኝ። አፌን በቆረጠው። ሞተሩ ሽቶም ዘፈንም እምቢ ብሎ ሲጠፋ፣ የእህቷን ስም የጠራችለትን ቦታ ሳነብ ተረኛ ነበርኩ፤ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደራሲዋ፣ ሰዎቹን ጨለማ ውስጥ ጥለሽ የት ሄድሽ? አያልቅበትን እንኳ ናፈቅሁት። ክፍል ሁለት ካልወጣ፣ ለመርፌ የመጣሽ ቀን እንተያያለን።›»

ማንም አልሳቀም። ህሊና ጫማዋን ማየት ትታ ወደ ዘጠነኛው ረድፍ ዞራለች፣ ዓይኗ ሞልቶ።

አቶ በድሩ ቀስ ብለው ወደ መድረኩ ቀና አሉ።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ እስከ መጨረሻው ብለዋል።»

ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉ። አደረጉ። እንደገና አወለቁ።

«ብያለሁ» አሉ።

ክፍል ሁለት በጥቅምት ታተመ። ጥጋቡም ከቦታው አልተነሳም፤ ኮሚቴው ውስጥ የዚያን ቅዳሜ የአህያ ነገር ማንሳት የደፈረ የለም። የመጀመሪያውን ቅጂ ከማተሚያ ቤቱ ሽታ ጋር ማዳበሪያው ላይ እንዳስቀመጠ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ከደረጃው ወረዱ። ውይይቱ በሳምንቱ ነበር። መጽሐፉን አነሱት፣ በአምስት ጣት። ገለጡት። መሀሉን ገለጡት። መጨረሻውን ገለጡት። ህዳጉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

መልሰው አስቀመጡት።

«ምነው ጋሼ፣ አይወስዱትም?»

«ይሄ ገና ነው» አሉ። «ሰው ያንብበውና እመለሳለሁ።»