ጫፉን የያዙት ሴት

ፊደል በብሩሽ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ሰው ነበር፤ ስሙ ደርብ ይባላል። የከተማው ሱቆች ስማቸውን በማሽን ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዞበታል። አንድ ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጆች መጡና ዋናው በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፖስተር አዘዙት። ሥዕል የለበትም፤ የዘፋኞቹና የባንዶቹ ስም ብቻ በእጅ ይጻፍበታል። ካማረላቸው በየዓመቱ እሱ ሊሠራ፣ ካላማረ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄዱ ተስማሙ። ደርብ ይህ ሥራ ከተበላሸበት ሱቁን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ እንደሌለው ያውቃል።

ፊደል መስመር ይፈልጋል። ደርብ አቡጀዲውን ግድግዳ ላይ ይወጥርና አንድ ረጅም ክር ሰማያዊ ጠመኔ ይቀባል። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጎረቤቱ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እትዬ አበሩ ይይዛሉ። ክሩ ሳብ ተደርጎ ሲለቀቅ ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ፊደሉ ተጽፎ ቀለሙ ሲደርቅ ጠመኔው ይጠረጋል። እትዬ አበሩ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ብቅ እያሉ ጫፉን ሲይዙለት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዓመል ብቻ አለባቸው፤ ያዩትን ሳይናገሩ አያድሩም።

አዘጋጆቹ ሥራውን ሊያዩ በመጡ ዕለትም እትዬ አበሩ እንደ ልማዳቸው መስመሩ ዘመም ማለቱን በሰው ፊት ተናገሩ። ደርብ አፈረ፤ ከዚያ ተናደደ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሽንኩርትዎን ይሽጡ፤ ይሄን ለእኔ ይተዉልኝ» አላቸው። ሰው «እርስዎ» እያለ ሲሳደብ ያልተሳደበ ይመስለዋል።

እትዬ አበሩ ክሩን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ወጡ። ደርብ መስመሩን ጠርጎ እንደ አዲስ ሊያሰምር ግድግዳው ላይ ሚስማር መታና የክሩን ጫፍ እዚያ አሰረ። ሚስማር አይለፈልፍም፤ ሥራው ፈጠነለት። ግን የመጀመሪያው ሚስማር ትንሽ ዝቅ ብሎ ተመቶ ነበር። የላይኛው መስመር ሲዘምም፣ ከእሱ እየተለኩ የተሰመሩት የታችኞቹም ተከትለውት ዘመሙ። ደርብ ይህን አላየም። ፊደል የሚጽፍ ሰው የሚያየው እጁ ሥር ያለውን ፊደል ነው።

በፌስቲቫሉ ዋዜማ ፖስተሩ ለሙከራ ሲሰቀል ሁሉም ነገር ታየ። ስሞቹ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ ዘፋኞቹ መድረኩን ትተው ወደየቤታቸው የሚሄዱ ይመስላሉ። የአዘጋጆቹ ሰብሳቢ አንገቱን አዘንብሎ ተመለከተና እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልተስተካከለ ማተሚያ ቤት እንደሚደውል ነገረው።

ደርብ አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ በቀጥታ ወደ እትዬ አበሩ መደብ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀው ረጅም ይቅርታ ፊታቸው ሲደርስ ጠፋበት።

«እትዬ፣ በድዬዎታለሁ። ሚስማሩ ክሩን ያዘልኝ፤ ጠመመብህ ግን አላለኝም።»

እትዬ አበሩ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «መጀመሪያ ይሄን ኩንታል ወደ ውስጥ አስገባልኝ» አሉት። «ከዚያ ጫፉን እይዝልሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ በማግስቱም ጠዋት አብረው ሠሩ። እሳቸው «ከፍ አድርገው» ባሉት ቁጥር እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ በመጨረሻ ምስጋናው ሰልችቷቸው ዝም ብሎ እንዲሠራ ተቆጡት።

እኩለ ቀን ላይ ፖስተሩ በሩ ላይ ወጣ። ስሞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰብሳቢው ለሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ቃል ገባለት። ከታችኛው ስም ሥር ግን አንድ ሰማያዊ የጠመኔ መስመር ቀርታ ነበር። እትዬ አበሩ «አቧራ ነው» ብለው ሊጠርጉት እጃቸውን ዘረጉ።

ደርብ እጃቸውን ያዘ። «ይቺስ ትቆይልኝ፤ የእርስዎ ናት።»

እትዬ አበሩ ሻሻቸውን ያለ ምክንያት ፈትተው እንደገና አሰሩ።

ወዳጆቼ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሥራችን ሁሉ በሌላው ጫፍ የያዘልን ሰው አለው። ሥራው ሲያምር መስመሩ ይጠረጋል፤ የያዘልንም ሰው አብሮ ይረሳል። ዝም ብሎ የሚይዝ ሚስማር በየትም ይገኛል። ይዞልን፣ ስንጠምም ደግሞ ጠመምክ፣ ጠመምሽ የሚለን ሰው ግን ስጦታ ነው፤ ንግግሩ ቢጎረብጠንም እንኳ። የእናንተን ክር ጫፍ የያዘው ማን ነው? ጠመኔው ሳይጠረግ አመስግኑት።