የበቅሎዋ ጭራና ቀዩ ጨርቅ

አንድ ሰው ነበረ። የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። በመሥሪያ ቤትህ ዕድሜያቸው የገፋ ሾፌሮች ሁሉ መኪናቸው ላይ ምልክት እንዲለጥፉ የሚያዝ ሕግ እያረቀቃችሁ ነው፤ «መምህር፣ ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብለኸኛል። እመልስልሃለሁ፤ በመካከል ግን አታቋርጠኝ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ከቆላ ወደ ደጋ በሦስት በቅሎ ጨው የሚያወጣ ነጋዴ። አርባ ዓመት በአንድ መንገድ ተመላልሷል። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ቋጥኝ ይዞራል፤ እዚያ ከወዲያ የሚመጣው ከወዲህ ለሚመጣው አይታይም። ስፋቱም ጭነት ለያዘች አንዲት በቅሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆየ ደንብ ነበረ። ቋጥኙ ጋ የደረሰ ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ፣ «አለሁ!» ብሎ ይጣራል፤ ቆሞም ያዳምጣል። ከወዲያ መልስ ከመጣ ጭነት የሌለው ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠብቃል። ነጋዴውም ከመሪ በቅሎው ፊት ቀድሞ ልጓሟን ይዞ ያዞራታል።

ይህ ነጋዴ አረጀ፤ ዓይኑ ደከመ። ለማንም አልተናገረም። ዳገት ላይ የበቅሎ ጭራ ይዞ መውጣት የነጋዴ ወግ ነውና እሱም የመሪ በቅሎውን ጭራ ይዞ ሲወጣ ማንም ልብ አላለውም። ልብ ያለው ልጁ ብቻ ነው። ልጁ የአገሩ ጭቃ ሹም ነበር። አንድ ቀን አባቱ ሜዳ ላይም ጭራዋን ሳይለቅ ሲሄድ አየውና ነገሩ ገባው። ሽማግሌውን የምትመራው በቅሎዋ ነበረች።

ልጅየው አባቱን ይወድ ነበር፤ ይፈራውም ነበር። ማዕድ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ሊነግረው ያስባል። «አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ይብቃዎ» ሊል ይጀምርና ግን የጨው ዋጋ ጠይቆት ይነሣል። በዚህ መካከል ሌላ ሽማግሌ ቋጥኙ ጋ እግሩን ስቶ ከነበቅሎው ገደል ገባ። አገሩ ተሸበረ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። «ቋጥኙን ጠርበን መንገዱን እናስፋው» ያሉ ነበሩ። «የሁሉም ዓይን ይፈተን፤ የማያይ ይቅር» ያለች አንዲት መበለትም ነበረች። ጭቃ ሹሙ ግን መውጫ አገኘ። «ስድሳ ዓመት ያለፈው ነጋዴ ሁሉ በመሪ በቅሎው ጭነት ላይ ረዥም ቀርከሃ ተክሎ ቀይ ጨርቅ ይስቀል። ከቋጥኙ በላይ ስለሚታይ ሰው ይጠነቀቃል» አለ። ለአንድ ሰው መንገር የፈራውን ለአገር አዋጅ አደረገው። ድካም የሌለበት ነገር ነውና ሕዝቡም «ደግ ብለሃል» አለው።

አባትየው ጨርቁን ሰቀለ። ገበያ ሲገባ ጎረምሶች «ሽሹ፣ ቀዩ መጣ!» ይሉ ጀመር። ከሩቅ ሰው የሚለየው ሽማግሌም፣ እጁን እንኳ የማያየውም አንድ ጨርቅ ተሸከሙ። ጨው የሚያስጭኑት ደንበኞቹ ፊታቸውን አዞሩበት። የከፋው ግን ይህ አይደለም። ወጣቶቹ ቋጥኙ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ያያሉ፤ ቀይ ከሌለ ሳይጣሩ ይገባሉ። ዓመት ሳይሞላ «አለሁ!» የሚሉት ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ። መጣራትም ራሱ የእርጅና ምልክት ሆነና ያፍሩበት ጀመር።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጨዉን ጭኖ ሲወጣ፣ ከቋጥኙ በታች ያረፉ ጎረምሶች ተሳሳቁበት። አንዱም «አባቴ፣ ጨርቁን የሰቀሉት ለበቅሎዋ ነው ወይስ ለራስዎ?» አለው። ሽማግሌው መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት እንደራቀ ቀርከሃውን ነቅሎ ወደ ገደሉ ወረወረው። ቋጥኙ ጋ ሲደርስም አልተጣራም። ልጓም ለመያዝ ወደ ፊት አላለፈም፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያይምና። ጭራዋን ያዘ።

በዚያው ሰዓት ጭቃ ሹሙ የታመሙ አማቱን ሊጠይቅ ከደጋ ይወርድ ነበር። ከቋጥኙ በላይ አየ፤ ቀይ የለም። ራሱ ያወጣውን አዋጅ አምኖ ገባ። መካከል ላይ ሲደርስ በቅሎ ብቅ አለችበት፤ ከፊቷ ሰው የለም። በቅሎዋን አወቃት። «አባባ፣ ይያዟት!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው የልጁን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ፤ ሊያስቆማት ጭራዋን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ያቺ በቅሎ ግን በየዳገቱ ጭራዋ ሲሳብ መሄድ የለመደች ናት። ወደ ፊት ገፋች። የጨው ጭነቱ ልጁን ደረቱ ላይ መታው። ሽማግሌው ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማም። «ልጄ፣ አለህ?» አለ። ሰው እስኪደርስለት ድረስ እዚያው ቆሞ «አለህ?» እያለ ይጣራ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሳልስቱ እንዳለፈ አገሩ በደቦ ወጥቶ ቋጥኙን ጠረበው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አሥራ አንድ ቀን ብቻ! ይህን ባሰብሁ ቁጥር እናደዳለሁ። በአርባው ተዝካር ዕለት ሽማግሌው የበቅሎዋን ልጓም ለጎረቤቱ ሰጠ፤ ስጠኝ ያለው ሰው አልነበረም። «ልጄ አንድ ቀን ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር» አለ። «እቆጣ ነበር፤ ሳምንትም አኮርፍ ነበር፤ ግን እሰጠው ነበር።»

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። ጨርቁ እናንተ መስተዋት ላይ የምታስለጥፉት ምልክት ነው። የሚያየውን ከማያየው ሳይለይ ዕድሜ ብቻ የሚቆጥር ሕግ ደግ አይደለም፤ ሽማግሌውን ያሳፍራል፣ ሌላውን ያዘናጋል። ዓይኑ የጠፋ ሰው መኪና ይንዳ አላልሁም። ይፈተን፤ አንተም ተፈተን።

ወደ እኔ ያመጣህ ግን ይህ ጥያቄ አይደለም። አባትህን ውብእሸትን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በመኪናው ሲያደርሰኝ፣ መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር «መብራቱ ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ «ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው» እል ነበር። ደጄ ስደርስ ነው የገባኝ፤ እኔም እንደዚያ ጭቃ ሹም ፈርቼ ምንም ሳልለው ወረድሁ። አንተ ከእኔ ቀድመህ ታውቃለህ። ባታውቅ ኖሮ ረቂቁን እንዲህ በጥድፊያ ባልጻፍኸው።

ተነሥና ሂድ። አባትህ ፊት ቁጭ በልና የመኪናውን ቁልፍ በራስህ አፍ ጠይቀው። ይቆጣል፤ ሳምንትም ያኮርፋል።